የጉለሌ ሐሩር

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
ጥቅምት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለበድሉ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን አለህ? ባለቤትህ ሉድሚላስ? ልጃችን ሠርካዲስስ አደገች? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ከአንተ ናፍቆትና ከእናትህ ሕመም በቀር ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ከተቀበልኩ ወዲህ ደብዳቤ ለማስጻፍ የማንንም ደጅ አልጠናም። ፊደሌ ቢንጋደድ የሸማኔ እጅ ነውና ታገሠው።

እናትህ አዲሳለም ከመስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመላልሳለች። ሐኪሙ «ልብሽ ደክሟል፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አላት። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ብርድ እንዳይመታሽ ይባላል? አሁንም ጥጥ መፍተሉን አልተወችም። ስትፈትል ግን ወሬዋ አንድ ብቻ ሆኗል። «የልጄን ልጅ ሳላይ» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላስጨርሳትም።

ጓደኛህ ስለሺ ከኪየቭ ትምህርቱን ጨርሶ ገባ። እናቱ ታየች ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩን በእልልታ አደነቆረችው። አንተም በሚመጣው ሐምሌ እንደምትጨርስ ስለሺ ነግሮናል። እንግዲህ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና። ሌላ ምንም አንልህም።

የዚያን አገር ብርድ ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። ሩሲያ ውስጥ ሰው ምራቁን እንትፍ ቢል መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ወር የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ ቡልኮ ሠራሁልህ፤ ድሩንም ማጉንም የፈተለችው እናትህ ናት። እዚያው ታሽከንት ሊማር ለሚሄደው ለአድነው ሰጥቼዋለሁ። ከቻልክ ደግሞ ለእናትህ አንድ የሩሲያ ካፖርት ላክላት።

አጎትህ ሰርኬ

*

ታሽከንት
ታኅሣሥ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ሰርኬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እናቴስ እንዴት ሆነችልኝ? እኔም ባለቤቴም ሠርካዲስም በጣም ደኅና ነን። አድነው ቡልኮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ አደረሰልኝ። ሳሸተው የቤታችንን ሽታ አገኘሁበትና አለቀስኩ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፣ አይሳቁብኝ። ታሽከንት የሶቪየት ኅብረት ከተማ ትሁን እንጂ ከሞስኮ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ትርቃለች፤ ጥጥ የሚበቅልባት አገር ናት። በበጋ አስፋልቱ ጫማ ሥር ይላላል። ልጆች ቀኑን ሙሉ ቦይ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይውላሉ። ክረምቷ በረዶ አለው፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። ባለፉት ዓመታት ስለ በረዶ ብቻ የጻፍኩላችሁ ስለ በረዶ ብቻ ስለምትጠይቁኝ ነው።

ቡልኮውን አማቴ ቬራ በጣም ወደደችው። እዚህ አገር ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እሷም ቡልኮውን ከሶፋው በላይ ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። «እንዲያ ባለ ሙቀት አገር ይህን የሚያህል ወፍራም ልብስ ለምን ይሠራሉ?» እያለች ትገረማለች። ካፖርቱን ለእናቴ እፈልጋለሁ።

ልጅዎ በድሉ

*

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
ጥር 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለበድሉ፤

እግዚአብሔር በጤና ያቆይልን። እናትህ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ሰላም ይሉሃል።

ግድግዳ ላይ ሰቀለችው? እናትህ ስድስት ወር የፈተለችውን፣ እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የሠራሁትን፣ ለሰው ትከሻ የታሰበውን፣ ግድግዳ በረደው ብላ አለበሰችው? ይሁን፣ ወዳው ነው። «እንዲያ ባለ ሙቀት አገር» ያለችው ግን እህል አላስበላኝም። ጋቢና ቡልኮ የምንሸምነው ለጌጥ መሰላት? ብርዱ ነው ያስተማረን በላት።

እሷ ብቻ ብትሆን እተወው ነበር። ባለፈው ክረምት ከውጭ የመጡ አማካሪዎች ናቸው የተባሉ ሁለት ፈረንጆች ገበያችን መጡ። በሐምሌ፣ ቁምጣ ለብሰው! ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እዚያው ቆመው ጋቢ ገዝተው ተከናነቡ። ማንም አልነገራቸውም፤ ወይም አፍሪካ ከተባለ በኋላ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

የገዛ አገራችን ሰው ይሻላል? እዚሁ ጉለሌ አርባ ዓመት ኖሬ ዛሬም ደንበኛዬ ሁሉ «አገርህ የት ነው?» ይለኛል። ጋሞ ጎፋ ስለው «አይ፣ እዚያማ ቆላ ነው፣ ወባው!» ይለኛል። አርባ ምንጭን ሰምቶ ሁሉንም አርባ ምንጭ ያደርገዋል። እኔ የተወለድኩበት ጨንቻ እኮ ጉለሌን ደጋ ነሽ ወይ ብሎ የሚያፌዝባት አገር ነው! ስለ ሩሲያ እኔም ተሳስቻለሁ፣ አልክድም። እኔ ግን ስሳሳት ብርድ ይነካሃል ብዬ ቡልኮ ላክሁ እንጂ ማንንም አልሰደብኩም።

ስለሺ አንድ ወር እንኳ ከእናቱ ጋር ሳይሰነብት ለግዳጅ ወደ ሰሜን ተላከ። መካኒክ ነውና ይፈለጋል አሉ። ከኅዳር ወዲህ ደብዳቤ የለም። ታየች ጠዋት ጠዋት ፖስታ ቤት ትሄዳለች።

እናትህ ካፖርቱን ይተወው፣ ፎቶግራፍ ይላክልኝ ብላለች። ሐምሌን በጣት እየቆጠርን ነው።

አጎትህ ሰርኬ

*

ታሽከንት
ሰኔ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሰርኬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሳልጽፍ አምስት ወር በማለፉ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የመመረቂያ ፈተና ይዞኝ ነው። የሠርካዲስን ፎቶግራፍ አብሬ ልኬያለሁ።

የሐምሌው ጉዞ አልሆነልንም። ልጅቷን ክሊኒክ ወስደናት ነበር። ሐኪሙ ቆዳዋ ስስ ነው፣ የኢትዮጵያን ሙቀት አትችለውም፣ አርባ አምስት ዲግሪ ሕፃን ልጅ ይጎዳል ብሎ ወረቀት ጻፈ። አማቴም ቴሌቪዥን ላይ አሸዋና ግመል አይታ ልጄን እዚያ እሳት ውስጥ አልከትም ትላለች። ምን ላድርግ? እዚሁ ለሁለት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት አመልክቻለሁ። ለእናቴ ቀስ ብለው ይንገሯት፤ ልጅቷ ስትጠነክር እንመጣለን።

ልጅዎ በድሉ

*

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
ሐምሌ 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለበድሉ፤

ሰላም ላንተ፣ ጤና ለሚስትህና ለልጅህ። ሰላምታዬ ያጠረው ተናድጄ ነው፤ ደግሞም ገና አልበረደልኝም።

ደብዳቤህ ሲደርስ ጉድጓዴ ውስጥ ነበርኩ፤ እግሬን በሁለት ጆንያ ጠቅልዬ። ውጭ በረዶ ይወርዳል፤ ባቄላ የሚያህል በረዶ፣ ልጆች በሳፋ ይዝቁታል። «የኢትዮጵያ ሙቀት» የሚለውን ሳነብ ጣቴ ከብርድ የተነሣ አይታጠፍም ነበር። እናትህ በሦስት ጋቢ ተጠቅልላ «ምን ይላል?» አለችኝ። ምን ልበላት? ልጅሽ ቀልጣችሁ እንዳታልቁ ሰግቷል ልበላት? ማታ ነገርኳት። ፎቶግራፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ማን ነው ይህ ሐኪም? በየትኛው እግሩ ጉለሌን ረገጣት? አገር በቴሌቪዥን ይለካል? ግመሉን እዚህ ቢያመጡት እኮ በሳንባ ምች ይሞትባቸዋል! ሙቀት የለንም አልልም። አዋሽ አለ፣ ጋምቤላ አለ። አንድ ጎጆ ውስጥ እንኳ ምድጃው ዳርና በሩ ዳር አንድ አይደለም፤ ይህን የሚያህል አገር እንዴት በአንድ ቃል ይቃጠላል? እነሱ አስፋልታቸው እየቀለጠ የኛን ፀሐይ ይፈሩልናል! ለሰሚው ግራ ነው።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ማክሰኞ ዕለት የክት ልብሴን ለብሼ የአየር ጠባይ የሚለካበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ለምን ይፈልጉታል አባባ?» አለችኝ። «አገሬ ተሰድባለች» አልኳት። ሳቀች፤ ግን የዐሥራ ሁለቱንም ወር ቅዝቃዜና ሙቀት በታይፕ ጽፋ ማኅተም አስመታችልኝ። በጣም በሚሞቅበት ወር ሃያ አምስት ግድም ነው። በኅዳርማ ሌሊቱ ሰባትም ስድስትም ይገባል። ጎረቤታችን ዋቅጋሪ ሞስኮ የተማረ ነውና በሩስኛ ገለበጠልኝ። ደብዳቤም ጨምሬበት በአንተው አድራሻ፣ በወይዘሮ ቬራ ስም ልኬዋለሁ። ያልኳቸውም ይኸው ነው፦ «እመቤት ሆይ፣ እርስዎም አያት ነዎት። አንዲት ልቧ የደከመ ሌላ አያት የልጅ ልጇን ሳታይ ልትሞት ነው። የከለከላት ፀሐይ ከሆነ፣ ፀሐያችን በማኅተም የተረጋገጠ ንጹሕ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያ ሐኪም ወረቀቱን ያውጣና ያስተያየው።

አጎትህ ሰርኬ

*

ታሽከንት
ጥቅምት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ሰርኬ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ በፖስታ አልመጣም። አድነው አባቱ ስላረፉበት ለለቅሶ ሲመጣ ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ነው የላክሁት። አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

ምነው ጋሼ? ምነው እኔን ሳይጠይቁ? ያ ወረቀት ቤቴን አናጋው። ቬራ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ለሉድሚላ ሰጠቻት። ሉድሚላ አንብባ ስትጨርስ «አርባ አምስት ያልከኝ አንተ ነህ» አለችኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ሐኪሙ ጉለሌን አያውቃት፤ እኔ የነገርኩትን ጻፈ። ቬራም ግመሉን ብታይ ትገረም ነበር እንጂ አትፈራም ነበር፤ ያስፈራኋት እኔ ነኝ።

የስለሺን ነገር በጥር ጻፉልኝ። እርስዎ እንደ ወሬ ነው የጻፉት፤ እኔ ያንን አንቀጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። እኔም የፋብሪካ ማሽን አውቃለሁ። እኔም እፈለጋለሁ። ፈራሁ፣ ጋሼ። ፈራሁ ተብሎ ግን ማመልከቻ አይጻፍም፤ በፖስታም አይላክም። ሙቀት ግን ይጻፋል። ስለ አፍሪካ ሙቀት ብናገር ማስረጃ የሚጠይቀኝ ሰው እዚህ የለም። ወረቀቱን ያየው የገዛ አገራችን የኤምባሲ ሰው እንኳ የትውልድ ቦታዬን አነበበና «ጋሞ ጎፋ? እሱማ እሳት ነው!» ብሎ ፈረመልኝ።

አገሬን በሐሰት ከሰስኳት። ይናደዱብኝ፣ ይገባኛል። ግን ይህንን ያልኩት እናቴን ጠልቼ አይደለም። በሕይወት ብኖርላት ይሻላል ብዬ ነው።

ለሉድሚላ ሁሉንም ነገርኳት። አሁን «እኔ የሌላ አገር ሰው ነኝ፣ እኔን ማንም የትም አይልከኝም፤ አያቷ ልጅቷን ታያታለች» ብላ በሐምሌ ለመምጣት ማመልከቻ አስገብታለች።

በድሉ

*

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
ኅዳር 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለበድሉ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ያልከኝን ሰምቻለሁ፤ እንዳልከኝም አድርጌያለሁ።

እናትህ አለች። ታየች እንደ ድሮው ፖስታ ቤት ትመላለሳለች።

ጨንቻ ቆላ አይደለችም።

ሰርኬ

*

ታሽከንት
ሰኔ 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሰርኬ፤

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ሰባት ወር ሙሉ ከእርስዎ አንድ መስመር አልመጣልኝም። ባለፈው ደብዳቤዎ መጨረሻ «አጎትህ» የሚለው ቃል አልነበረም። ረስተውት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ፈቃዱ ተገኘ። ሉድሚላና ሠርካዲስ ሐምሌ 21 ቀን ጠዋት ቦሌ ይደርሳሉ፤ አንድ ወር ይቆያሉ። እባክዎ ይቀበሉልኝ። የባለ ማኅተሙን ወረቀት ሻንጣው አጠገብ አስቀምጬ ቬራን አስታወስኳት። «ወረቀት ወረቀት ነው፣ አፍሪካም አፍሪካ ነው» አለችና ለልጅቷ ስስ ቀሚስና የገለባ ባርኔጣ ጨመረችላት። የኔ ቃል ከሷ ጭንቅላት አልወጣ አለ። እኔ የዘራሁት ነው።

እኔ አልመጣሁም ብለው በነሱ አይቀየሙ።

በድሉ

*

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
ነሐሴ 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለበድሉ፤

አምላክ ካንተ ጋር ይሁን፤ መግቢያ መውጫህን ይጠብቅ። ይህን በሚስትህ እጅ ስለምልከው እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ቦሌ በዝናብ ነው የተቀበልኳቸው። ልጅህ ከበሩ በገለባ ባርኔጣና እጅጌ በሌለው ቀሚስ ብቅ አለች፤ ክንዷ ከብርድ የተነሣ ሽፍ ብሏል። አንተን ነው በልቤ የረገምኩት። ጋቢዬን አውልቄ ጠቀለልኳትና ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ በሸሚዝ ሄድኩ። ሦስት ቀን አሳለኝ። በአርባ አምስት ዲግሪ ሰው እንዲህ ሲስል አይተህ ታውቃለህ?

እናትህ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሐኪም አትቁሚ ያላት ሴት፣ ከጠዋት ጀምሮ። ልጅቷ አማርኛ አታውቅም፣ እናትህ ሩስኛ አታውቅም፤ ወሩን ሙሉ ሲያወሩ ከረሙ። ጥጥ ማባዘት አስተማረቻት። ሚስትህም ጨዋ ሴት ናት፤ እናትህን ሲከብዳት አይታ የውሃ ባልዲውን ከእጇ ትቀበላት ነበር። ስለዚህ ስለ ቬራ ከተናገርኩት ግማሹን አንስቻለሁ።

ለታየች በግንቦት ወረቀት መጣላት። ስለሺ የለም። እስካሁን ያልጻፍኩልህ በፖስታ ስለማይሆን ነው። ታየች ልጅህን ልታይ መጣች፤ ፀጉሯን እየነካካች ብዙ ተቀመጠች፤ «አባቷ መቼ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። እሷ ስትወጣ እናትህ፣ ስድስት ዓመት ልጄ ይምጣልኝ ስትል የኖረችው እናትህ፣ «እዚያው ይሙቀው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስምህን ስታነሣ መቼ ይመጣል አትልም።

ባለፈው ዓርብ ቀበሌ ጠሩኝ። ሊቀ መንበሩ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል፤ ጸሐፊው ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቧል። «የእህትዎ ልጅ የትምህርት ጊዜው ካለቀ ዓመት አልፎታል። ሚስቱ መጣች፣ ልጁ መጣች፣ እሱ ለምን አልተመለሰም?» አሉኝ። የዚያን ሰዓት በረዶው ወረደ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አልሰማ አላቸው፤ «ጮክ ይበሉ!» አሉኝ። እኔም ተነሥቼ ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ጮህኩ፦ «ያገራችን ሙቀት አይስማማውም!»

ሊቀ መንበሩ ጣራውን አየ። እኔን አየ። «የቱ ሙቀት?» አለኝ።

«ይኸው የኛው» አልኩት። «የሐኪም ወረቀት አለው። ትውልዱ ጋሞ ጎፋ ነው፣ እዚያ ይመደባል፣ እዚያ ደግሞ እሳት ነው።»

«ልክ ናቸው» አለ ጸሐፊው፣ «ጋሞ ጎፋማ ቆላ ነው።» እጁን በትንፋሹ አሙቆ ጻፈው።

ጨንቻን በገዛ አፌ ቆላ አደረግኋት፣ አባቴ በቡልኮ የተቀበረባትን አገር። ደሜ ፈላ፤ ዛሬም ሳስበው ይፈላል። ግን ፈርሜ ወጣሁ። ደግመው ቢጠሩኝ ደግሜ እላለሁ።

ያ ትምህርት ሲያልቅ ሌላ ጀምር። እሱም ሲያልቅ ሌላ አይጠፋም። አትምጣ።

አጎትህ ሰርኬ